የመምህሩ አራት ነጥብ

የመኪና ጥገና መጽሐፍ የሚጽፉ ሰዎች አንድ ደስ የማይለኝ ጠባይ አላቸው። ዳዶውን ፍታ፣ ሮንዴላዋን እንዳትጥላት፣ ከሥር ጨርቅ አንጥፍ እያሉ እጅህን ይዘው ገጽ ለገጽ ያደርሱህና፣ ሥራው ሲከብድ፣ ላብ ግንባርህ ላይ ችፍ ሲል፣ ልዩ መሣሪያ ቁጥር ይህን ያህል ተጠቀም ብለው ወደሚቀጥለው አንቀጽ ይሻገራሉ። መሣሪያው የት እንደሚገኝ ትንፍሽ አይሉም። ማንም ሰው ከበሩ ኋላ፣ ከጃንጥላው ጎን ሰቅሎት የሚኖር ነው የሚመስላቸው።

መልሶ መግጠሙ ላይ ደግሞ ይብሳሉ። መግጠም የመፍታት ግልባጭ ነው ብለው በአንድ መስመር ይገላገሉታል። በእነሱ ቤት ፍቺም የሠርግ ግልባጭ ሳይሆን አይቀርም።

አልፈርድባቸውም፤ ሂርናን አያውቋትም። ሂርና ከአዲስ አበባ ወደ ሐረርና ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ፣ ከጭሮ (ለእኔ ቢጤው አሮጌ አሁንም አሰበ ተፈሪ ናት) ቀጥሎ አርበረከቴን ካለፉ በኋላ የምትገኝ የጨርጨር ደጋ ከተማ ናት። ዳገቱም ቁልቁለቱም መኪና የሚፈትን ነው። ጫት የጫነው አይሱዙ ቅጠሉ ሳይጠወልግ ልድረስ ብሎ ይበርባታል፤ አሸዋ የጫነው ያቃስትባታል፤ አሮጌው ደግሞ እዚያው ይቆምባታል።

ታህሳስ 19 ሲቃረብማ አይነሳ። የቁሉቢ ገብርኤል ተሳላሚ ከየአገሩ ሲነቃነቅ፣ ዓመቱን ሙሉ ከግቢ ወጥታ የማታውቅ መኪና ሁሉ ስለት አለብኝ ብላ መንገድ ትወጣለች። ከእነዚህ መካከል ጥቂት የማይባሉት ስለታቸውን የሚያስገቡት ሂርና ጋራዥ ውስጥ ነው። አንድ የማውቀው ሙስሊም ባለጋራዥ ስለዚህ ነገር ሲናገር፣ «ገብርኤልን የማልሳለም እኔ፤ ከሁሉ አብልጦ የሚሰጠው ለእኔ» ይላል።

የዛሬው ወሬዬ ስለዚህ ሰውና ስለ ፑለሩ ነው።

ፑለር ለማያውቅ ላስረዳ። መኪና ውስጥ ብዙ ነገር በግድ የተጋባ ነው። ኩሽኔታው በዘንጉ ላይ፣ የፍሬን ታምቡሩ በአክስሉ ላይ፣ መሪው በዘንጉ ጫፍ ላይ ሲገባ በመዶሻ ወይም በፕሬስ ተጨንቆ የገባ ነው፤ ሲወጣም በፈቃዱ አይወጣም። ፑለር ዕቃውን ከኋላው አንቆ ይይዝና በመሐሉ ባለው ረጅም ብሎን የዘንጉን ጫፍ ይገፋል። ብሎኑ በዞረ ቁጥር ዕቃው ሳይወድ ወደ ውጭ ይመጣል። በመዶሻ ቢመታስ? ይመታል፤ አገር ሙሉ ሲመታ ነው የኖረው። ነገር ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ታምቡሩ ፍንክች ሳይል የዘንጉ ጥርስ ይተኛል፣ አልፎ ተርፎም ከውስጥ ያለው ኩሽኔታ ጠባሳ ይወጣበታል።

ፈረንጆቹ ለዚህ ሁሉ መላ አላቸው። ቸርችል የሚባል የእንግሊዝ ድርጅት ለእነ ሮቨር ልዩ መሣሪያዎች በቁጥር በቁጥር ሲሠራ ኖሯል፤ ለዚህ ኩሽኔታ ይህ፣ ለዚያ ማርሽ ያኛው እየተባለ። ጀርመኖች ደግሞ ኩኮ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1919 ተቋቁሞ በፑለር ስሙን የተከለ ኩባንያ አላቸው። የተጣበቀን በማላቀቅ ከመቶ ዓመት በላይ እንጀራ መብላት ይገርማል። የእኛ ሽማግሌዎች መቶ ዓመት የለፉት ለማጣበቅ ነው፣ ያውም በነፃ።

ወደ ሂርና ልመለስ። የባለጋራዡ ወዳጅና የዘወትር ደንበኛ አንድ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው። ከተማው «ቲቸር» ነው የሚለው። ባለጋራዡም በዕድሜ ቢያንስም «አንተ» ነው የሚለው፤ ሐረርጌ አንቱታ ብዙም አያስጨንቀውም፣ «አንተ» ሲሉህ ወደውህ ነው፣ «እርስዎ» ካሉህ ግን አንድ ያጠፋኸው ነገር አለ። መምህሩ አንድ ቮልስ አለው። ከሐረር የገዛው ነው፤ ከገዛው ጀምሮ ደመወዙም ጡረታውም የሚገባው ወደዚያው ነው።

ቮልስ ለእኛ ተራ መኪና አይደለም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የወጡት በሮልስ ሮይስ ሳይሆን በቮልስዋገን መሆኑን ትንሽ ትልቁ ያውቀዋል። ሁለት በር ብቻ ያላት መኪና ስለሆነች የኋላ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ጎንበስ ማለት ግድ ነው። መምህሩ ታዲያ ቮልሱን የሚያማ ሰው ሲያጋጥመው፣ «ንጉሥ ጎንበስ ብሎ የገባባት መኪና ናት፤ አንተ ማን ነህና!» ይላል። መኪናዋ ለንጉሡ ያደረገችው መልካም ነገር ነው ወይ ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም።

ፋብሪካው የመጨረሻዋን ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ የሠራው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርተዋል። እዚህ አገር ያሉት ግን ገና ጡረታ አልወጡም፤ የሚወጡም አይመስሉም። በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ሲገባ የሚከፈለው ኤክሳይዝ ታክስ ከመኪናው ዋጋ በላይ ሽቅብ ወጣ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ራሱ ተከለከለ። የኤሌክትሪክ መኪና ግዛ ተባለ። ደግ ነው፤ ሂርና ላይ መብራት በሄደ ቁጥር መምህሩ ቮልሱን በእጁ መታ መታ ያደርጋታል።

እንግዲህ ይቺ ቮልስ አንድ ቀን የኋላ ፍሬኗ አልያዝ አለ። ፍሬን ሸራው አልቋል። ሸራውን ለመቀየር ታምቡሩ መውጣት አለበት፤ ታምቡሩ ደግሞ በአክስሉ ላይ ጥርስ ለጥርስ ተነካክሶ፣ በላዩ በ36 ቁልፍ የሚፈታ ትልቅ ዳዶ ተቀምጦበታል። ይህ ዳዶ የሚጠብቀው አንድ ሜትር ርዝመት ባለው ቁልፍ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ የሚያህል ክብደት ሲንጠለጠል ነው። ቁልፉ ግማሽ ሜትር ከሆነ 60 ኪሎ ይፈልጋል። መምህሩ በትክክል 60 ኪሎ ነው። ይህን ሲያውቅ ደስታው ወሰን አልነበረውም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰውነቱ ክብደት ለአንድ ነገር ልክ ሆኖ ተገኘ።

ዳዶው በጋራዡ ረዳት ልጅም በመምህሩም ክብደት፣ በብረት ቱቦም ታግዞ ተፈታ። ታምቡሩ ግን ከፋብሪካው እንደወጣ ያለ ይመስል አልነቃነቅም አለ።

ለዚህ የሚሆን አንድ የድሮ የቮልስ ሰዎች ብልሃት አለ። ዳዶውን ላላ አድርገህ ትተወውና መኪናውን ቀኝና ግራ እያጥመዘመዝክ፣ ፍሬን እየያዝክ እየለቀቅክ ትነዳዋለህ። ታምቡሩ በራሱ ሥራ ይላቀቃል። መምህሩም በማለዳ ተነስቶ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ስምንት ቁጥር እየሠራ ይነዳ ጀመር። ተማሪዎች ለሰልፍ ሲመጡ የሒሳብ መምህራቸው የነበረው ሰው በባዶ ሜዳ ሲዞር አዩት። ከመሐላቸው አንዱ «ቲቸር ገና መንዳት እየተማረ ነው» አለ፤ ሌላው «አይደለም፣ ተማሪ ናፍቆት ነው» አለ። የቀኙ ታምቡር በዚሁ ተላቀቀ። የግራው አሻፈረኝ አለ።

ባለጋራዡ መዶሻውን አስቀመጠና፣ «በቃ፣ እንሠራዋለን» አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። «እንሠራዋለን» የምትል ቃል ታሪካችን ውስጥ ብዙ ጉድ ሠርታለች። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡትን ፈረንጆች መድፍ ሥሩልኝ ሲሏቸው፣ ሰዎቹ ከዚያ በፊት መድፍ ሠርተው አያውቁም ነበር። ሴባስቶፖል ግን ተሠራ፤ ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል፣ እስከ መቅደላ ድረስም ተጎትቶ ወጣ። ከዚያ ጋር ሲነጻጸር የቮልስ ፑለር ምንድነው?

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከተጣለ የመንገድ ሥራ ማሽን ላይ ወፍራም ብረት ይቆረጥና ክብ ይደረጋል። ከአሮጌ ክሪክ ላይ ረጅሙ ብሎን ከነእናቱ ይወጣል፤ እናቱ በክቡ ብረት መሐል ትበየዳለች። የክሪክ ብሎን መኪና ሲሸከም የኖረ ስለሆነ ታምቡር መግፋት አያሳፍረውም። ከዚያ በክቡ ዙሪያ የጎማውን ብሎኖች የሚያሳልፉ ቀዳዳዎች ይበሳሉ። ጎማውን የሚያስሩት ራሳቸው ብሎኖች ክቡን ከታምቡሩ ጋር ያስሩታል፣ የክሪኩ ብሎን የአክስሉን ጫፍ ይገፋል። አለቀ። መጽሐፉ በቁጥር የሚጠራው መሣሪያ ያው ይህ ነው፤ ልዩነቱ የእሱ ቀለም የተቀባ መሆኑ ነው።

ያስቸገረው የቀዳዳዎቹ ቦታ ነበር። የመምህሩ ቮልስ አምስት ብሎን ናት። ብሎኖቹ የሚያርፉበት ክብ ስፋቱ 205 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህን መጽሐፉ ይናገራል። መምህሩ ይህቺን ቁጥር ሲያገኝ ዓይኑ በራ። ከኪሱ ጠመኔ አወጣ (ጡረታ ከወጣ በኋላ ጠመኔ ኪሱ ውስጥ ምን ትሠራ እንደነበር አልጠየቅሁትም) ክቡን ብረት እንደ ጥቁር ሰሌዳ አቁሞ ማስተማር ያዘ። አምስት ነጥብ በእኩል ርቀት ክብ ላይ ሲቀመጡ፣ በሁለት ጎረቤታሞች መካከል ያለው ርቀት የክቡ ስፋት ሲባዛ በሳይን 36 ነው። 120 ሚሊ ሜትር ተኩል። ረዳቱ ልጅ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። የእሱ የሒሳብ አስተማሪ ከዓመታት በፊት ይኸው ሰው ነበር፤ ያኔም አፉን ከፍቶ ነበር የሚያዳምጠው።

መምህሩ አንድ ልማድ አለው። ትምህርቱን በቋጨ ቁጥር፣ አራት ነጥብ እንደሚያደርግ ሰው፣ ጠመኔውን ሰሌዳው ላይ ጠቅ ያደርጋል። «ስለዚህ ሳይን 36 ነው!» ጠቅ።

ባለጋራዡ በዚህ መሐል የሲሚንቶ ከረጢት ቀዶ ታምቡሩ ፊት ላይ ለጥፎ ነበር። ግራሶ በነካው መዳፉ ወረቀቱን ዳበስ ዳበስ ሲያደርገው አምስቱ ቀዳዳዎች ጥቁር ቀለበት ሆነው ታተሙ። ወረቀቱን ብረቱ ላይ አስቀመጠና በየቀለበቱ መሐል በምስማር መታ መታ አደረገ። መምህሩ በማስመሪያ ለካ፦ 120 ሚሊ ሜትር ተኩል።

«አየህ!» አለ መምህሩ፣ ሳይን 36 የተመሰከረለት ያህል ደስ ብሎት።

«አቦ ቲቸር፣ አንተ ቁጥሩን ታውቀዋለህ፣ ወረቀቱ ግን ታምቡሩን ያውቀዋል» አለው ባለጋራዡ።

ሁለቱ ይህን ሲነጋገሩ ረዳቱ ትራፓኖውን አንስቶ ምልክት የተባለውን ሁሉ እየበሳ ነበር። ዘወር ሲሉ አምስት ቀዳዳ ሳይሆን ስድስት ሆኗል። ስድስተኛዋ ከሁሉም ርቃ፣ ከመሐሉም ከጠርዙም ሳትሆን፣ ለብቻዋ ቆማለች። የመምህሩ አራት ነጥብ ናት። ልጁ ምን ያድርግ፤ ጠመኔ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ትምህርት ነው ተብሎ ነው ያደገው። ደግነቱ መምህሩ ጠቅ ያደረገው አንዴ ብቻ ነው። አራቱንም ነጥብ አሟልቶ ቢሆን ኖሮ ብረቱ አልቆ ነበር።

ለማንኛውም ፑለሩ ታሰረ። ዳዶውን ጨርሰው አላወጡትም፤ ጥቂት ጥርስ ላይ ተዉት፣ ምክንያቱም የተጨነቀ ታምቡር ሲላቀቅ ተወርውሮ የሰው ደረት ሊያገኝ ይችላል። ብሎኑን ግራሶ ቀቡት። ባለጋራዡ በቁልፉ ትንሽ ያዞራል፣ ያርፋል፤ ደግሞ ትንሽ ያዞራል። እንዲህ ያለው ብሎን ከሰው ክንድ የሚቀበለውን ጉልበት በጥርሱ ቀስታ ያባዛዋል፤ አብዛኛው በመፋተግ ቢባክን እንኳ የሚተርፈው በቶን የሚቆጠር ግፊት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያለው ሰው ፑለር አይቶ መሆን አለበት። አንድ ጊዜ የክቡን ብረት ጀርባ በመዶሻ ጠን አደረገው፤ ወዲያው «ድው!» አለ። ከደጅ የነበሩ ፍየሎች ተበተኑ። ታምቡሩ ዳዶው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ረዳቱ «ሳይን 36!» ብሎ ጮኸ። ከሒሳብ ትምህርት የቀረችው ይህች ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ወሬ ደግሞ ከጫት መኪና ይፈጥናል። ብዙም ሳይቆይ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚያልፍ ሌላ ቮልስ መጣ፤ ይቺኛዋ ግን አራት ብሎን ናት። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. እስከ 1967 ገደማ አምስት ብሎን ሲያደርግ ኖሮ፣ ከዚያ ወዲህ በ130 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ አራት አደረገው። መምህሩ ይህን ሲሰማ ተገረመ፦ በእነሱ 1967 ብሎን ቀነሱ፣ በእኛ 1967 ንጉሥ ቀነስን፤ ሁለቱም ነገር ቮልስ አለበት። ለማንኛውም አራት ቀዳዳ ተጨመረ።

ቀጥሎ አንድ አሮጌ ላንድሮቨር መጣ፤ አምስት ብሎን፣ ክቡ ግን 165 ሚሊ ሜትር ከትንሽ ነገር ነው። አምስት ቀዳዳ ተጨመረ። ከአዲስ አበባ ታክሲነት ጡረታ ወጥታ ጭሮ የገባች ላዳ መጣች፤ የላዳ የኋላ ታምቡር ከተጣበቀ ከእነ ነፍሱ የማይለቅ መሆኑን የላዳ ሰው ያውቃል። 98 ሚሊ ሜትር፣ አራት ቀዳዳ። የቁሉቢ ሰሞን ደግሞ ስድስት ብሎን ያለው የጥንት ላንድክሩዘር መጣ። ፑለሩ ወንፊት ሆነ።

እንግሊዝ አገር የአሮጌ መኪና ወዳጆች ማኅበር አላቸው፤ ማኅበሩ ልዩ ልዩ መሣሪያዎችን ለአባላቱ በመያዣ ያከራያል። እያንዳንዱ መሣሪያ ለእያንዳንዱ መኪና። ሂርና ላይ ግን እንዲህ ያለ ቅንጦት የለም። አንድ ብረት ነው ያለው፤ ያለፈው መኪና ሁሉ ቀዳዳውን ጥሎበት ይሄዳል። ባለጋራዡ ደብተር አይይዝም። ማን መጣ፣ በምን መጣ ብትለው ፑለሩን አንስቶ በጣቱ እየዳሰሰ፣ «ይሄ ላንድሮቨሩ፣ ሂሳብ ሳይከፍል የሄደው፤ ይሄ ላዳዋ፣ ሴትዮዋ ቁቲ ያፈላችልን ጊዜ፤ ይሄ ደግሞ...» እያለ ይቆጥርልሃል። ስድስተኛዋ ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ዘሏት ያልፋል።

የባለ እጅ ነገር ካነሳን፣ ድሮ እሳትና ብረት የሚነካ ሰው በዓይኑ ይበላል እየተባለ ይታማ ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብ እኔን ሰደበ የሚል ዓይነት አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ዛሬ ታምቡሩ የተጣበቀበት ሰው ይምጣና ስማው፦ «ጌታዬ»፣ «ወንድሜ»፣ «ወላሂ ካንተ በቀር ሰው የለም»። ታምቡሩ ከወጣ በኋላ ግን ዋጋው ሲነገረው ድምፁ ይቀየራል። አዋጁ ስለዚህ የሚለው ነገር የለም።

ረዳቱም አድጎ የራሱን መሞከር ጀምሯል። ከአይሱዙ ባሌስትራ ለኩሽኔታ የሚሆን ባለ ሁለት እግር ፑለር ሠራ። ብረቱን ማግኔት እስኪተወው ድረስ አግሎ፣ ዓይኑ እያየ ውኃ ውስጥ ነከረው። ጠጠር ሆነ፤ ሞረድ እንኳ አይነካውም። ልጁ ኮራ። መጀመሪያ ሥራ ላይ እግሩ «ቀጭ» ብሎ ሁለት ሆነ። ባለጋራዡ አልተቆጣም። ሁለተኛውን በተቃጠለ ዘይት ውስጥ አስነከረውና፣ ካጸዳው በኋላ እንደገና ቀስ ብሎ እንዲያሞቀው ነገረው። ብረቱ መጀመሪያ ገለባ መሰለ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ሆነ። «ሰማያዊው ላይ ተወው። የደረቀ ሁሉ ጠንካራ አይደለም» አለው። ይህን ያለው መምህሩን እያየ ነው፤ ለምን እንደሆነ አላወቅሁም።

የክሪኩ ብሎን ጥርስ የተበላ ጊዜ ግን ድሬዳዋ መውረድ ግድ ነበር። ባቡሩ ድሬዳዋ የገባው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዋም የተወለደችው ያኔ ነው። የምድር ባቡር ወርክሾፕ መለዋወጫ ሲጠፋ ጊዜ ራሱ እየቀረጸ ሎኮሞቲቭ ያስኬደ ቤት ነው። ከዚያ ቤት ቶርኖ የተማረ ሰው ብሎን ስታሳየው፣ ማስመሪያ ከማውጣቱ በፊት ጥርሱን በጥፍሩ ይዳስሳል። ባለጋራዡ ከእንዲህ ያሉት አንዱ ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው ፑለሩን ገለባብጦ አየና፣ «ብሎኑን አድስልሃለሁ፤ ይህቺ ቀዳዳ ግን ምንድን ናት?» ብሎ ጠየቀ። ባለጋራዡ ሻይ ልጋብዝህ አለው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር መጣሁ፤ እሱም ውሰት ነው። ፑለር ያለው ሰው ጎረቤት ይበዛለታል። ጠዋት «ለአንድ ሰዓት» ተብሎ የወጣ፣ ማታ ጭሮ ነው ይባላል፣ በነጋታው አሰቦት፣ ከዚያ ሚኤሶ። ባለቤቱ ሂርናን ሳይለቅ ፑለሩ ምዕራብ ሐረርጌን አዳረሰ። ደንበኛ ሲመጣ ባለጋራዡ ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ ባዶውን ምስማር ያያል፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። አንድ ጊዜ የራሱን ፑለር ከተዋሰው ሰው ላይ ሊዋስ ሄዶ፣ «መቼ ትመልስልኛለህ?» ተባለ። መለሰለት ደግሞ! እንዲህ ያለውን ሰው ምን ታደርገዋለህ?

ባለጋራዡን መያዣ እንዲቀበል መከርኩት፤ እንግሊዞቹን ጠቅሼ። «አቦ አብሽር፣ መታወቂያውን ይዤ ፑለሬን ሊያስቀር ነው እንዴ? ታምቡር የሚፈታው በመታወቂያ ነው?» አለኝ። ነገሩ እውነትም ነው፤ አንድ ባለላንድሮቨር ያስያዘው መታወቂያ ዛሬም መሳቢያው ውስጥ አለ፤ ፎቶው ላይ ያለው ሰው ገና ፀጉር ነበረው።

ባለፈው ሰሞን ገለምሶ ሠርግ ነበረብን። ባለጋራዡ፣ መምህሩና እኔ በቮልሷ ሄድን፤ መምህሩ ነዳ፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ከሠርጉ ቤት አጠገብ አንድ ትንሽ ጋራዥ አለች። ባለጋራዥ ጋራዥ አይቶ አያልፍም፤ ሰላም ልበላቸው ብሎ ገባ፣ ተከተልነው። ግድግዳው ላይ ክብ ብረት ተሰቅሏል። ወንፊት የሆነ። የቮልሱ አምስት፣ የቮልሱ አራት፣ የላንድሮቨሩ፣ የላዳው፣ የላንድክሩዘሩ። ሁሉም በየቦታው።

ባለጋራዡ ፊቱ ተቀያየረ፤ የእሱ መስሎታል። አውርዶ ሲያየው ግን የእሱ አይደለም። ብረቱ አዲስ ነው፣ ብየዳውም ከእሱ ያማረ ነው። የብሎኑ ጫፍ ላይ ከኩሽኔታ የወጣች የብረት ኳስ ተቀምጣለች፤ ብሎኑ ሲዞር የዘንጉን ጫፍ እንዳይፍቀው። ይህን እሱ አላሰበውም ነበር። በእጁ እያገላበጠ ብዙ ቆየ። ከሁሉም ርቃ፣ ከመሐሉም ከጠርዙም ሳትሆን፣ ስድስተኛዋ ቀዳዳ እዚያው ቦታዋ ላይ አለች፤ ያውም ጠርዟ በሞረድ ተስተካክሎላት።

የጋራዡ ባለቤት ገና ወጣት ነው። ከጭሮ አንድ ቀን ተውሶ አስመስሎ እንደሠራው፣ የዋናው ባለቤት ማን እንደሆነ እንኳ እንደማያውቅ ነገረን። ሥራውን ሲያሳይ በኩራት ነው።

«ይህቺኛዋስ? ምን ትሠራለች?» አለው ባለጋራዡ፣ ጣቱን በቀዳዳዋ አስገብቶ።

ልጁ ለአፍታ እንኳ አላመነታም። «እሷማ ዋናዋ ናት! ታምቡሩ ከታሰረ በኋላ ዘይት የሚጨመረው በእሷ ነው። እሷ ባትኖር ዝገቱ በምን ይላላል?»

መምህሩ ሳል ያዘው፤ ወደ ደጅ ወጣ።

ባለጋራዡ ፑለሩን ወደ ምስማሩ መልሶ ሰቀለና፣ «ልክ ነህ። የእኔም ለዚሁ ነው» አለው።